ባጃጄ ውስጥ ስድስት ወር ያዳመጥኩት የመንፈሳዊ ትምህርት ፍላሽ፣ ከሸጠልኝ ሱቅ ጋር

ሰላም ነው ወገን። ባጃጄ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ "ይሄን ትምህርት ከየት ነው ያመጣኸው" እያለ ይጠይቀኛል፣ ግማሹ ደግሞ ፒያሳ ደርሶ ሲወርድ መሃል ላይ ይቋረጥበትና "ምን ሆነ በኋላ?" ብሎ መስኮት ላይ ይቆማል፣ እና አንዴ ልፃፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ሊረዝም ይችላል፣ የቤንዚን ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው ምፅፈው፣ የጎንደር የቤንዚን ሰልፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ፍላሹን የገዛሁት የነነዌ ፆም ሰሞን ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ጠባብ መንፈሳዊ ሱቅ አለ፣ ነጠላ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ መቁጠሪያ፣ ውዳሴ ማርያም፣ የግድግዳ ስዕል፣ ሁሉም ተደራርቦ ከገባህ ዞረህ መውጣት ይከብድሃል፣ ጥግ ላይ ላፕቶፕ ይዞ ሚቀመጥ ልጅ ደግሞ መዝሙርና ትምህርት ይጭናል። የሱቁን ስም አልፅፍም፣ ከታች ትንሽ ስለማማርር። የጫነልኝ 40 ትምህርት ነው፣ እያንዳንዱ በአንድ የመፅሐፍ ቅዱስ ሰው ላይ፣ ከ25 እስከ 40 ደቂቃ፣ ሁሉም የአንድ መምህር። 16 ጂቢ ፍላሽ ከነማስጫኛው 600 ብር ከፈልኩ። "መምህሩ ፈቅደዋል ወይ?" ስለው "አባዙት ብለው ነው የሰጡን" አለኝ፣ እንግዲህ እሱንም አምኜ ነው።

መጀመሪያ መልካሙን። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ የባጃጅ ስፒከር ምን አይነት እንደሆነ ለምታውቁ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ማራኪ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያጓራ ራሱ ቃል አያመልጥህም። መምህሩ አይጮሁም። አንዳንድ ሰባኪ አለ ጆሮህን በጥፊ ሚመታህ፣ እሳቸው ግን ቤት መጥተው ቡና ላይ እንደሚያወሩ ነው ሚያወሩት፣ ጥቅሱን ካነበቡ በኋላ እንደኛ ሊቃውንት "አንድም" እያሉ ደርበው ይተረጉሙታል፣ እሱ ላይ እኔ በጣም ነው ደስ ሚለኝ። ብቻ እያንዳንዱ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሁለት ደቂቃ በገና አለ፣ በገናው ያምራል፣ ግን የኔ ስፒከር በገና ሲመጣ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ሰውዬ "ሞተርህ ተበላሽቷል መሰለኝ" ብሎ ሊወርድብኝ ነበር።

ከአርባው ውስጥ አንዱን ብቻ ስማ ብትሉኝ ጴጥሮስን እላለሁ። ጌታን ሶስቴ መካዱን ማንም ያውቃል፣ ዶሮ መጮሁንም። እኔ ያላስተዋልኩት እሳቱን ነበር። ዮሐንስ ወንጌል 18 ላይ ብርድ ስለነበረ ሎሌዎቹ የፍም እሳት አንድደው ይሞቃሉ፣ ጴጥሮስም አብሯቸው ቆሞ እየሞቀ ነው "አይደለሁም" ያለው። ከትንሳኤ በኋላ ምዕራፍ 21 ላይ ደግሞ ከባህሩ ወጥተው ወደ ምድር ሲመጡ ምን አገኙ? ፍም እሳት፣ ዓሣ ተቀምጦበት፣ እንጀራም። እዛው ነው ጌታ "ትወደኛለህን?" ብሎ ሶስቴ ሚጠይቀው። መምህሩ እዚህ ጋ ዝም ይላሉ፣ አምስት ስድስት ሰከንድ ምናምን፣ ከዛ "የከዳበትን ሽታ እያሸተተ ነው የመለሰው" አሉ። እኔ ባጃጁን ዳር አቁሜ ነው የሰማሁት፣ ተሳፋሪ ባይኖር ጥሩ ነበር፣ ግን ነበረ፣ "ምን ሆንክ?" ሲለኝ "ጎማው ነው" አልኩት።

ዮሴፍም በጣም ጥሩ ነው። ሂሳቡን ነው ሚያሰሉት። ታሪኩ ሲጀምር የ17 ዓመት ልጅ ነው፣ ፈርኦን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ፣ መሃል ላይ 13 ዓመት አለ ማለት ነው፣ እሱም ባርነትና እስር ቤት። ደግሞ ሕልሙን የፈታለት የጠጅ አሳላፊው ወጥቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ረስቶታል። "እኛ ግን ታሪኩን በአንድ ቀን ስለምናነበው ዮሴፍ በአንድ ቀን የወጣ ይመስለናል" ይላሉ። ይሄን ስንሰማ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ስራ ያላገኘ ልጅ ከኋላ ነበረ፣ ሂሳብ እየከፈለኝ "እኔ ገና ሶስት ዓመቴ ነው፣ አስር ይቀረኛል" ብሎ ስቆ ወረደ። ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም።

ዳዊት ላይ ሁለት ትምህርት አለ፣ ሁለቱን አንድ ሰው ያስተማራቸው አይመስሉም። የጎልያዱ ላይ ቅር ብሎኛል። ሳኦል ጥሩሩን ሲያለብሰው መራመድ አቅቶት ማውለቁን፣ ከወንዝ አምስት ድንጋይ መልቀሙን በደንብ ይነግሩሃል፣ ከዛ በድንገት "ያንተ ጎልያድ ምንድነው? ቪዛ ነው? ኪራይ ነው? ዛሬ ይወድቃል!" ይሆናል። እንዴ! ቪዛ እንዲያስመታን ነው እንዴ ዳዊት የተፃፈው? ሁለተኛው ግን የኦርዮ ነገር ነው፣ ዳዊት ሚስቱን ወስዶ ያስገደለው ሰውዬ፣ ነቢዩ ናታን መጥቶ የአንዲቷን በግ ምሳሌ ሲነግረው ዳዊት በንዴት "ይህን ያደረገ ሰው የሞት ልጅ ነው" ብሎ ይፈርዳል፣ ናታንም "ያ ሰው አንተ ነህ" ይለዋል። እዚህ ላይ መምህሩ ማቴዎስ 1ን ያነባሉ፣ የጌታን የትውልድ ሐረግ፣ እዛ ላይ ዳዊት "ከኦርዮ ሚስት" ሰሎሞንን ወለደ ነው ሚለው። ስሟን አይጠራም። ከስንት ዘመን በኋላም የተገደለው ሰውዬ ስም እዛው ወንጌል ላይ አለ፣ ዳዊት ንስሐ ገብቶ፣ መዝሙር 50ን ዘምሮ፣ ይቅር ተብሎም፣ የኦርዮ ስም አልተፋቀም። እናቴ ጠዋት ጠዋት ዳዊት ስትደግም "ማረኝ" የሚለው ጋ ስትደርስ ድምጿ ለምን እንደሚቀንስ አሁን ነው የገባኝ።

ለኔ የፍላሹ ልክ ይሄ ነው፣ መምህሩ ሰውዬውን ከነጉዱ ሲተዉት ትምህርቱ ልብ ይነካል፣ ወደ ቪዛና ወደ ንግድ ሲጎትቱት ይበላሻል።

ኢዮብም እንደዛው ነው የተበላሸው። ዝም ብሎ የታገሰ፣ አንድ ቃል ያልተነፈሰ፣ ከዛ እጥፍ የተሰጠው ሰው አድርገው ነው ሚያቀርቡት። አንድ ቀን የባታ የአብነት ተማሪ አሳፍሬ፣ ገና ልጅ ነው፣ እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማና "ጋሼ፣ መምህሩ ምዕራፍ ሶስትን ዘለሉት" አለኝ። "ምን ይላል?" ስለው "የተወለደበትን ቀን ይረግማል እኮ፣ ከዛ እስከ መጨረሻው ከእግዚአብሔር ጋር ይሟገታል" አለ። ቤት ገብቼ አነበብኩት፣ ልጁ ልክ ነው። ሌላም አለ፣ ሶስቱ ወዳጆቹ መጀመሪያ ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠው ቃል አልተናገሩም፣ የኛ ለቅሶ ቤት ማለት ነው፣ ጥፋታቸው የመጣው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ይሄ ሁሉ ፍላሹ ላይ የለም። ልጁን ሂሳብ አልተቀበልኩትም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ ጉድ። ዘኬዎስ ፋይል 31 ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ነበር፣ ቤንዚንም በውድ ነበር የገዛሁት፣ አንድ ሰውዬ ከነዕቃው ከአራዳ አስገባሁና ሲወርድ ከወትሮው እጥፍ ጠየቅኩት። ሰውዬው ገንዘቡን እየቆጠረ ዝም አለ፣ ስፒከሩ ግን ዝም አላለም፣ መምህሩ በዛች ደቂቃ "ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆነ አራት እጥፍ እመልሳለሁ" የሚለውን እያነበቡ ነበር። ሰውዬው ቀና ብሎ "ወንድሜ፣ አንተ ሬዲዮህን ትሰማዋለህ ወይስ ለተሳፋሪ ነው?" አለኝ። እጥፉን መለስኩለት፣ አራት እጥፍ ግን አልመለስኩም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። በነገራችን ላይ ዘኬዎስ አጭር ስለነበረ ጌታን ለማየት የወጣበትን ሾላ መምህሩ በአንድ አረፍተ ነገር ነው ያለፉት፣ ጎንደር ቢሆኑ ኖሮ እንደዛ አያልፉትም ነበር፣ ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ግንቡን በሥሩ የያዘው ዛፍ ላይ ስንት ሰው እንደሚወጣ ያየ ሰው አጭር መሆን ምን እንደሆነ ይገባዋል። እኔ ራሴ በልጅነቴ ወጥቼ ታቦት አይቻለሁ፣ እዛ ላይ የወጣ ሀብታም ግን አይቼ አላውቅም፣ ዘኬዎስ ደግሞ ሀብታም ነበር፣ የቀራጮች አለቃ፣ ሰው ሲስቅበት ታየኝ።

ሐና ላይ መፃፍ ከብዶኝ ነው ያዘገየሁት። ግንቦት ላይ ማታ ሶስት ሰዓት ገደማ ከሆስፒታል በር አንዲት ሴት አሳፈርኩ፣ አይኗ ቀልቷል፣ ነጠላዋ ወርዷል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል ድምፅ ግን የለም፣ ስጠይቃት አትመልስም። እኔ ሰክራለች ብዬ "ሂሳብ ቀድመሽ ክፈይ" አልኳት። ከፈለች። ወርዳ ሄደች። ሳምንት ሳይሞላ ፋይል 12ን ሳጫውት ካህኑ ዔሊ በመቅደሱ መቃን አጠገብ ተቀምጦ የሐናን አፍ ያያል፣ ከንፈሯ ብቻ ነው ሚንቀሳቀሰው፣ ድምጿ አይሰማም፣ ሰክራለች ብሎ "ስካርሽ እስከ መቼ ነው?" ይላታል። እሷም "ልቧ ያዘነባት ሴት ነኝ፣ ወይን ጠጅም አልጠጣሁም" ነው ያለችው። መምህሩ የዔሊን ጥፋት ሲያስረዱ ብዙ አልተናገሩም፣ "ቤተ እግዚአብሔር በር ላይ ተቀምጦ የሚጸልይን ሰው አለማወቅ" ብቻ ነው ያሉት። ዔሊ ቢያንስ ወዲያው "በደህና ሂጂ" ብሎ መርቋታል። እኔ መልስ ሰጥቼ ነው የሄድኩት፣ አስር ብር። ከዛ በኋላ ከሆስፒታል ሳሳፍር ቀድሜ ሂሳብ አልጠይቅም።

እሺ ወደ ሮሮዬ። አንደኛ፣ ፋይሎቹ ስም የላቸውም፣ 01፣ 02 እያለ ነው ሚሄደው፣ ሁሉንም ከፍቼ ደብተር ላይ መዝግቤ ነው የለየሁት። ሁለተኛ፣ 8 እና 19 አንድ ናቸው፣ ሁለቱም አብርሃም፣ ስለዚህ አርባ ሳይሆን 39 ነው የገዛሁት። ሶስተኛው ይብሳል። ፋይል 23 ዮናስ ነው፣ ዓሣው ሲውጠው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የነነዌ ሰሞን የገዛሁት እሱን ለመስማት ነበር እኮ! ሱቁ ስመለስ ተዘግቷል፣ ሌላ ቀን ስሄድ ልጁ የለም፣ ሌላ ቀን ላፕቶፑ የለም፣ መፅሐፉ ሶስት ቀንና ሶስት ሌሊት ይላል፣ የኔ ዮናስ ሶስት ሳምንት ዓሣው ሆድ ውስጥ ቆየ። ልጁን ሳገኘው ግን ሳይጨቃጨቅ በነፃ ጫነልኝ፣ "ይቅርታ ጋሼ" ብሎ ሌላ አምስት መዝሙር ጨመረልኝ፣ እሱን ልክድ አልችልም። ሙሉው ዮናስ ደግሞ ደጅ ያስጠናው ልክ ነው፣ ዋናው ነገር መጨረሻው ላይ ነው፣ ጥላ የሆነችለት ቅል ስትደርቅ ሰውዬው መናደዱ፣ ለቅል እያዘነ ከመቶ ሀያ ሺህ በላይ ሰው ላለባት ከተማ አለማዘኑ፣ መፅሐፉም "ብዙ እንስሶች" ብሎ በጥያቄ ማለቁ፣ ዮናስ ምን እንደመለሰ አይነግርህም።

አንድ እማሆይ ደግሞ ያሉትን ልጨምር፣ ከቁስቋም አሳፍሬያቸው "ልጄ፣ አርባ ሰው ነው ያልከኝ፣ ሴቶቹ ስንት ናቸው?" አሉኝ። ቆጠርኩ፣ ሐና፣ ሩት፣ አስቴር፣ ሳምራዊቷ። "አራት ናቸው እማሆይ" ስላቸው "እመቤታችንስ?" አሉ። የለችም። ለብቻዋ ፍላሽ አላት አለኝ የሱቁ ልጅ በኋላ ስጠይቀው፣ እማሆይ ይሄን ሲሰሙ "በል እሱን ግዛ" አሉኝ፣ አልገዛሁም ገና፣ አሁን ፍልሰታ ነው፣ ሳይወጣ ልገዛ አስቤያለሁ።

ከአምስት ሶስት ተኩል ሰጥቻለሁ። አንዱን ለዮናስ ነው የቀነስኩት፣ ግማሹን ለቪዛው። ምትገዙ ከሆነ እዛው ቆማችሁ ፋይል 23ን መጨረሻውን አስከፍታችሁ ስሙ፣ እሁድ ጠዋት ዝግ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ ሂዱ፣ ዋጋው አሁን 700 ገብቷል ብለውኛል፣ ፍላሽ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ማስጫኛ ብቻ ነው ሚቀበሉት። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላዬ ያለው ክላክስ እያደረገብኝ ነው።