መኪናዬ የምታድርበት ቦታና የምከፍለው አረቦን

የራሴንም መኪና ጉዳት የሚከፍል ሙሉ ሽፋን ኢንሹራንስ ከያዝኩ ወራት ተቆጥረዋል። በመሀል ሰፈር ቀይሬያለሁ፣ ካሳም ጠይቄያለሁ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ሲሠራ ያየሁትን ልነግራችሁ እችላለሁ። ውሉን ወድጄዋለሁ። ያው ውል ሌላ ቦታ ለሚኖር ሰው ግን ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል።

ስገዛ ስለ መኪናዋ ዕድሜና ስለ መንዳት ልምዴ ጠይቀውኛል። ዋጋውን፣ ማለትም ለመድኑ የምከፍለውን አረቦን፣ ከፍና ዝቅ ያደረገው ግን «ማታ የት ታድራለች?» የሚለው ጥያቄ ነው። መንገድ ዳር ስል አንድ ዋጋ፣ በር ያለው ግቢ ስል ሌላ ዋጋ። መድን ድርጅት እኔን ለይቶ አያውቀኝም። የሚያውቀው በዚያ አካባቢ ስንት ግጭት፣ ስንት ስርቆትና ስንት ጎርፍ እንደተመዘገበ፣ እዚያ ያሉ ጋራዦችም ለጥገና ምን ያህል እንደሚጠይቁ ነው። ጥንቁቁ ሾፌር የጎረቤቶቹን አደጋ አብሮ ይከፍላል ማለት ነው። ይሄ ያልተዋጠላቸው ሰዎች አሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ ሕግ የአሽከርካሪው የጥፋት ታሪክ፣ በዓመት የሚነዳው ርቀትና የመንዳት ልምዱ ከአድራሻው በላይ እንዲመዝኑ ያዛል። እኔም ሐሳቡን እደግፋለሁ።

የመጀመሪያው ሰፈሬ ዝቅ ያለና የተጨናነቀ ነበር። እዚያ እያለሁ ስፖኪዮዬ ተነቅሎ ተወሰደ። ካሳ አልጠየቅሁም። በውሉ መሠረት ከማንኛውም ጉዳት ላይ የመጀመሪያውን ድርሻ የምሸፍነው እኔ ነኝ፤ ኤክሰስ የሚሉት እሱን ነው። የስፖኪዮው ዋጋ ከዚያ ብዙም አይበልጥም ነበር። በዚያ ላይ ብጠይቅ፣ ካሳ ያልጠየቀ ደንበኛ በእድሳት ጊዜ የሚያገኘው ቅናሽ ይቀርብኛል። ለጭረትና ለጥቃቅን ስርቆት ብላችሁ ሙሉ ሽፋን የምታስቡ ካላችሁ ይቅርባችሁ።

ውሉ ዋጋውን ያሳየኝ በጎርፍ ጊዜ ነው። ሌሊት የወረደው ዝናብ ከቦዩ ሞልቶ የቆመችውን መኪና እስከ ወንበሯ ድረስ ሞላት። ያዳነኝ ጎርፍን በስም የሚጠቅሰው ተጨማሪ አንቀጽ ነው። በብዙ ቦታ ሙሉ ሽፋን ሲባል ጎርፍ አብሮ ይገባል፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ለብቻው ተከፍሎበት የሚጨመር ነው። ዝቅ ያለ ቦታ የምትኖሩ ሰዎች፣ ቃሉን ራሱን ውሉ ላይ ፈልጉት። የመድን ድርጅቱ ጉዳት ገማች መጥቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሞተሩን አስነስተሃል?» ብሎ ነው። አላስነሳሁም። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ ፒስተኑን ሲያቆመው ቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ ይጣመማል፣ ሊታጠብና ሊደርቅ ይችል የነበረው ሞተርም ያልቅለታል። ከጎርፍ በኋላ ሞተር በማስነሳት የመጣን ጉዳት አንካፈልም የሚሉ ውሎችም አሉ። መኪናችሁ ውሃ ውስጥ ካደረች ሞተሩን ሳትነኩ የባትሪውን ገመድ አስነቅላችሁ በሌላ መኪና ወደ ጋራዥ አስጎትቷት።

ካሳው ተከፍሏል። ቅር ያሰኘኝ ሁለት ነገር ነው። መለዋወጫው እስኪመጣ ጋራዥ ውስጥ የቆየችበት ጊዜ በጣም ረዘመ፤ ውሌም በዚያ መሀል ምትክ መኪና አይሰጥም። በአዲስ ለተተኩት ዕቃዎችም የእርጅና ተቀናሽ ተደረገብኝ። ውሉ ላይ የተጻፈ ስለሆነ አልተከራከርኩም፣ ግን ስትፈርሙ ተቀናሹ ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

አዲሱ ሰፈር ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ መኪናዋም ግቢ ውስጥ ታድራለች። መቀየሬን እንደነገርኳቸው አረቦኑ ቀነሰ። አደጋው ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። መንገዱ ጠጠር ነው። ከፊት የሚሄድ የጭነት መኪና የሚያፈናጥረው ድንጋይ የፊት መስታወት ይሰነጥቃል። አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ የደህንነት ካሜራ ስላላቸው፣ መስታወቱ ሲቀየር ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት። ሂሳቡ እዚያ ላይ ያብጣል። ስለዚህ የመስታወት ሽፋን ጨመርኩ።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው መኪናዋን ያስመዘገባችሁበትን ዋጋ ነው። ገንዘብ በሚረክስበት ወይም መኪና ከውጭ በሚገባበት አገር የአሮጌ መኪና ዋጋ ሊጨምር ይችላል። ገበያ ላይ 100 የምታወጣ መኪና 70 ተብላ ከተመዘገበች፣ ብዙ ውሎች ከጉዳቱም 70 በመቶውን ብቻ ይከፍላሉ። ይሄ ስትጠፋ ብቻ ሳይሆን በሯ ሲጎዳም ይሠራል። አረቦን ለመቀነስ ብሎ ግምቷን ዝቅ ማድረግ የትም ሰፈር አያዋጣም።

በሌላ ሰው ላይ ያደረስነውን ጉዳት ስለሚከፍለው የሦስተኛ ወገን መድን ብዙ አልልም። በአብዛኛው ዓለም ግዴታ ነው። ኒውዚላንድ ግዴታ ያላደረገችው በአደጋ የተጎዳን ሰው፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ መንግሥታዊ ተቋም ስለሚያሳክም ነው። ሌላ ቦታ ያለን ሰዎች ግን ሕጉ የሚያዘው ዝቅተኛ መጠን ለአንድ ከባድ ጉዳት መብቃቱን ማየት አለብን። የእኔ አልበቃ ስላለኝ ከፍ አድርጌዋለሁ።

በዚህ እድሳት ኤክሰሱን ከፍ አስደርጌ አረቦኑን ቀነስኩ፣ ትንሹን ጭረት እንደሁ በራሴ እችለዋለሁ። መኪናዋን በዛሬው የገበያ ዋጋ አስገመትኳት። ጎርፉን ላስወጣው አስቤ ተውኩት። ቤቴ ከፍ ያለ ቦታ ቢሆንም ቀን ቀን የምትቆመው ሥራ ቦታዬ ነው፣ እሱ ደግሞ ወንዝ ዳር ነው።