መርሴዲስ የተባለችው የዘጌ ጀልባ
ዘጌ ለመሄድ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ጎኗ በሰማያዊ ቀለም «መርሴዲስ» ተብሎ የተጻፈባትን ጀልባ ካገኛችሁ ሳታመነቱ ግቡባት። የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ለሁሉም ይበቃል፣ ካፒቴኑ ሐይቁን እንደ ጓዳው ያውቀዋል። ስሙን ብዙ ሰው የመኪና ነው ብሎ ያልፈዋል፤ መኪናው ራሱ ግን ስሙን ያገኘው ከሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1901 ኤሚል ዬሊኔክ የሚባል ነጋዴ በልጁ ስም አስጠራው። ስሙ የስፔን ነው። ስፔኖች እመቤታችንን «የምሕረት ማርያም» ብለው ከሚጠሩበት መጠሪያ ወጥቶ የሴት ልጅ ስም ሆነ። ታዲያ ይቺ ጀልባ የምታደርሳችሁ የት መሰላችሁ? ዑራ ኪዳነ ምሕረት! በጣም ነው ደስ ያለኝ። ዋጋ የተለጠፈ ነገር ስለሌለ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ጠዋት ውጡ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ጀልባውን ያናውጠዋል።