20 ዋቷ ሶላር ቻርጀር ከ11 ወር በኋላ፦ ክረምቱን ቆማ ለምትከርም መኪና

ይቺን የመኪና ባትሪ የምትሞላ ትንሽ ሶላር የገዛሁት አምና ሰኔ ላይ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፣ አሁን ግንቦት ነው፣ 11 ወር ሞላት ማለት ነው። አንድ ሙሉ የጅማ ክረምት ሳላይባት መፃፍ አልፈለኩም ነበር።

መኪናችን የድሮ ቶዮታ ሚኒባስ ናት፣ የኋላ ወንበሮቿን አውጥተን ፍራሽ መጋረጃ ትንሽዬ ፍሪጅ ምናምን አስገብተንባታል፣ በበጋ ከወንድሜ ጋር እንግዳ ይዘን ወደ ቦንጋ ወደ ጨበራ ጩርጩራ እንሄድና እዛው ውስጧ እናድራለን። ክረምት ሲገባ ግን መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ጅማ ጅሬን ሰፈር እማዬ ግቢ ትቆማለች፣ ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ ያኔ አዲስ አበባ ነኝ። ካቻምና ዝም ብዬ ጥያት ሄጄ ስመለስ ቁልፉን ባዞረው ባዞረው ሞተሪኖው ጠቅ እንኳን አላለም፣ ባትሪው ሲለካ 9 ቮልት። ቻርጅ ቤት ሁለት ቀን አስቀምጠውት ሞልቷል ብለው ሰጡኝ፣ በሳምንቱ መልሶ ሞተ። ገና አዲስ የሚባል ባትሪ ነበር፣ በጣም ነው የቆጨኝ።

ከዛ በኋላ ነው ነገሩን ማጣራት የጀመርኩት። አሲድ ባትሪ ባዶ ሆኖ ሲቆይ ውስጡ ያለው እርሳስ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ ቶሎ ከተሞላ ይለቃል፣ ወራት ከቆየ ግን ይጠነክርና ቻርጅ ብታረገውም እምቢ ይላል። የሚያራግፈው ደግሞ መኪናው ራሱ ነው፣ ቁልፉ ወጥቶም አላርሙ፣ የቴፑ ሰዓት ምናምን ትንሽ ትንሽ ይስባሉ። የኔን በቴስተር ስለካው 50 ሚሊአምፔር ወጣ። ትንሽ ትመስላለች ግን በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ናት፣ በወር 36፣ የኔ ባትሪ 70 ነው እንግዲህ አስቡት፣ በአንድ ወር ከግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው።

መጀመሪያ ከጓደኛዬ በመብራት የሚሰራ ቻርጀር ተውሼ ሞክሬ ነበር። ጥሩ እቃ ነው፣ ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሱ አይጀምርም፣ እንደገና ቁልፉ መጫን አለበት፣ እማዬን መብራት በመጣ ቁጥር በዝናብ ውጪና ተጫኚው ማለት ደግሞ አልችልም። ሶላሩን የመረጥኩት ለዚህ ነው፣ ስገዛት ዋጋዋም የአዲስ ባትሪ ሩብ አይሞላም ነበር።

ስገጥማት ተሳስቼ ነበር። ዝናብ እንዳይነካት ብዬ ከፊት መስታወቱ ውስጥ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥኳት፣ መኪናዋ ደግሞ የቆመችው አቮካዶው ስር ነው። በሦስተኛው ሳምንት ወንድሜ ሲለካው 12.4 ቮልት ሆኖ አገኘው። መስታወቱም ይቀንሳል፣ ጥላ ደግሞ የፓነሉን አንድ ጥግ ብቻ እንኳን ቢሸፍን ከምታስቡት በላይ ይጎዳል። ወንድሜ መኪናዋን ከዛፉ ስር አወጣትና ፓነሏን ጣራው ላይ አሰራት። ከዛ ደግሞ ማሳውን (ከባትሪው ማይነስ ወደ መኪናው አካል የሚሄደውን ገመድ) ነቀለና በኮንትሮለሩ፣ ማለትም ቻርጁን በምትቆጣጠረው ትንሽ ሳጥን፣ በኩል የሚመጡትን የሶላሩን ሁለት ገመድ ብቻ ባትሪው ላይ አስቀረ፣ እንደኔ ሁሉን ነገር የቀየረው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ሳይታይ ቀናት ያልፋሉ፣ እንደዛ ባለ ቀን ፓነሏ የምትሰጠው መኪናው የሚስበውን ለመሸፈን ራሱ አይበቃ ይሆናል። ማሳው ከተነቀለ ግን ባትሪው በራሱ የሚያጣው በወር ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ ለሱ ደመናም ይበቃል።

ሐምሌ መጨረሻ 12.6፣ ነሐሴም 12.6፣ መስከረም 12.7። ሁሌም የሚለካው ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ ነው፣ ቻርጅ እያደረገ ከለካችሁ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያታልላችኋል። 12.6 እና ከዛ በላይ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከደረሰ ግማሽ አካባቢ ነውና አትጠብቁ አስሞሉት። እማዬ ደግሞ በየጠዋቱ ኮንትሮለሩን አይታ ትደውልልኝ ነበር፣ «መብራቷ በርታለች ልጄ፣ አታስብ» ትለኛለች።

የማልወድላት ነገርም አለ። አብረዋት የመጡት ቆንጣጮች በሁለት ወር ዛጉ፣ ቀለበት ባለው ኬብል ቀየርኳቸው፣ ፕላሱ ላይ ፊውዝ አስገባሁበት፣ ይሄ ከፋብሪካው መምጣት ነበረበት። ኮንትሮለሩም ውሃ አይችልም፣ የግድ ውስጥ መሆን አለበት። ስታገናኙ መጀመሪያ ኮንትሮለሩን ከባትሪው ቀጥሎ ፓነሉን፣ ስትነቅሉ በተቃራኒው። የተራገፈ ባትሪ ደሞ አታስነሳም፣ ስለዚህ ከማቆማችሁ በፊት ሙሉ ቻርጅ አድርጉት፣ ውሃ የሚሞላ ከሆነም ውሃውን እዩ፣ ከጎደለ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ እንዳትጨምሩ።

ለፍሪጁ የምንጠቀምበት ጄል ባትሪ ሌላ ነው፣ እሱን ሞልተን ገመዱን ነቅለን ቤት ውስጥ እናስቀምጠዋለን፣ በየሁለት ወሩ አንዴ መሙላት በቅቶታል። ጄል ብዙ ቮልት ስለማይወድ ቻርጀሩ የጄል ምርጫ ከሌለው ባትነኩት ይሻላል።

ጥቅምት ላይ ማሳውን አስሬ ቁልፉን ሳዞር በአንዴ ተነሳች፣ እማዬ በር ላይ ቆማ እልል አለች። ዘንድሮም ሰኔ ሲገባ እዛው ጣራ ላይ ትታሰራለች፣ አዲሱ ኬብል ተገዝቷል፣ የመኪናዋን ቦታም ከአቮካዶው ራቅ አድርገን ጠጠር አልብሰነዋል።