አንድ የትንቢት መጽሐፍ፣ ሁለት እትሞች

የወቅቱን ዜና ከትንቢተ ዳንኤልና ከዮሐንስ ራእይ ጋር እያዛመደ የሚተነትነውን ይህን መጽሐፍ ከአንድ መንፈሳዊ መጻሕፍት መደብር የገዛሁት በሽፋኑ ላይ «ተሻሽሎ የቀረበ» የሚል ስላየሁ ነው። የመጀመሪያው እትም እቤቴ ስለነበረ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ አነበብኋቸው፤ የደራሲውንና የአሳታሚውን ስም ግን አልጠቅስም።

በቀድሞው እትም ገጽ 64 ላይ፣ በራእይ 13 የተነገረው የአውሬው ምልክት በሸቀጥ ላይ የሚታተመው ባርኮድ መሆኑ ያለ አንዳች ጥርጥር ተጽፏል። በአዲሱም ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ነው፤ «ባርኮድ» ወጥቶ «የኮሮና ክትባት» ገብቶበታል። ስለ ለውጡ በመቅድሙም ሆነ በግርጌ ማስታወሻ አንዲት መስመር አልሰፈረችም። የቀድሞው ትርጓሜ መውደቁ ያልተነገረው አንባቢ የአሁኑን በምን ይመዝነዋል?

በዳንኤል 7 የተጠቀሱት አሥሩ ቀንዶች የአውሮፓ ማኅበረሰብ አባል አገሮች ናቸው የሚለው አተረጓጎም፣ ግሪክ በ1981 እ.ኤ.አ. አሥረኛ አባል ስትሆን ለብዙዎች የተፈጸመ ትንቢት መስሎ ነበር። ሆኖም በ1986 ስፔንና ፖርቱጋል ሲጨመሩ 12 ሆኑ፤ ማኅበረሰቡን የተካው የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 27 አባላት አሉት። ደራሲው «ዋና ዋናዎቹ አሥሩ» ብሎ አልፎታል፤ የትኞቹ እንደሆኑ አልዘረዘረም።

የተሻለው ምዕራፍ በ1986 እ.ኤ.አ. በዩክሬን በቼርኖቤል የኑክሌር ማመንጫ ስለደረሰው አደጋ የሚናገረው ነው። የከተማዋ ስም በዩክሬንኛ የዕፅ ስም ነው፤ በራእይ 8፥11 በአማርኛ «እሬቶ» የተባለው የግሪኩ ቃልም የዚያው ወገን መራራ ዕፅ ነው (የእኛው አሪቲም ዘመዳቸው ነው)። ይህን ደራሲው በጥንቃቄ አስረድቷል። ነገር ግን ምንባቡ የሚናገረው ከሰማይ ወርዶ በወንዞች ሲሶ ላይ ስለወደቀ ኮከብ ሆኖ ሳለ፣ የኑክሌር ማመንጫ እንዴት ኮከብ ሊባል እንደቻለ አልነካውም።

በአሜሪካ የሰባኪው የዊልያም ሚለር ተከታዮች ኦክቶበር 22 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. ክርስቶስ ይመጣል ብለው ጠብቀው ሳይመጣ በመቅረቱ ማዘናቸውም፣ ቀኒቱንና ሰዓቲቱን ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ የሚናገረው ማቴዎስ 24፥36ም በሁለቱም እትሞች አልተነሡም።

ኅትመቱ ጥሩ ነው፤ በመጨረሻ ያለው የጥቅሶች ማውጫም ለግል ጥናት ይረዳል። ለመግዛት ያሰበ ሰው ግን አስቀድሞ የቀድሞውን እትም ከወዳጁ ተውሶ ገጽ 64ን ያስተያይ።