ለልብ ድካም ታማሚ የትኛው ሚዛን ይሻላል?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ገበያ የሚወጣ ሰው የሚመርጠው ከሁለት ነው፤ ባለ ቀስቱን የስፕሪንግ ሚዛን ወይም ባለ ባትሪውን ዲጂታል። ለልብ ድካም ታማሚ ከሆነ ዲጂታሉ ይገዛ። ባለ ቀስቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሰመረው በኪሎ በኪሎ ስለሆነ ግማሽ ኪሎ ሲጨምር ዓይን አይለየውም። ዲጂታሉ 100 ግራም ይለያል።

ግማሽ ኪሎ ምን ያደርጋል? ልብ ሲደክም ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። ኩላሊትም ሰውነቱ ውሃ የጎደለው መስሎት ጨውና ውሃ ይይዛል። ውሃው እግር ላይ ይወርዳል፤ ቅልጥሙን በአውራ ጣት ተጭነው ሲለቁት ተሰርጉዶ ይቆያል። ሳንባ ላይ ሲሆን ጋደም ማለት ያፍናል። ጉበት ላይ ሲሆን ከቀኝ ጎድን ሥር ይከብዳል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና፣ ብዙ ጊዜ ሚዛኑ ከእግሩ እብጠት ቀድሞ ይናገራል።

የዲጂታሉ ጠላት ወለል ነው። በእበት በተለቀለቀ ወለል ወይም በምንጣፍ ላይ አንዱ እግሩ ሰመጥ ካለ ቁጥሩ ይዛባል። ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደልደል፤ ከዚያ ወዲያ ቦታው አይቀየር። ሲገዛም ውሃ የሞላ ጀሪካን ሦስት ጊዜ አውጥቶ አውርዶ መመዘን ነው። ቁጥሩ ከ200 ግራም በላይ ከዋለለ አይወሰድ። ባትሪው ሲደክምም እንዲሁ ይዋልላልና መለዋወጫ አብሮ ይገዛ።

ምዘናው ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በባዶ እግር፣ ጋቢ ወልቆ ነው። ደካማ ሰው ግድግዳ ከያዘ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ደጋፊ አጠገቡ ይቁም እንጂ አይንካው። ቁጥሩ በየቀኑ ደብተር ላይ ይጻፍ። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ደብተሩን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የሚያሸናውን መድኃኒት በራስ ግምት መጨመር ግን ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ሚዛኑ የሚሸነግልበት ጊዜም አለ። ጉበትና አንጀት ውሃ ሲቋጥሩ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ሥጋ ይከሳል፤ የከሳውን ውሃው ይተካና ቁጥሩ ባለበት ይቆያል። እንግዲያው ጋደም ማለት ሲያፍነው የሚደራርበው ትራስም ይቆጠር። ከአንድ ወደ ሦስት ካደገ፣ ሚዛኑ ምንም ባይጨምር ያው ወደ ሐኪም ነው።