ቤቱ ሞቀ፤ ስለ ከሰሉ ግን ማንም አልነገረኝም

የገና ዕለት ቤታችን ሰው ሞልቶ ነበር። ዶሮው ተበልቷል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ድንገት ኮሪደሩ ላይ ያለው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሲኖር የሚያስጠነቅቀው አላርም መጮህ ጀመረ። አራት ጊዜ ይጮሃል፣ ያርፋል፣ ደግሞ አራት ጊዜ። ባትሪው ያለቀ መስሎኝ ልነቅለው ተነሳሁ። ግን እማዬ ቀደም ብላ "ራሴን ከበደኝ" ብላ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። የእህቴ ልጅም አቅለሸለሸኝ እያለ ነበር። ያኔ ነው ልቤ የራደው። ሁሉንም ሰው በለበሰው ልብስ ወደ ውጭ አወጣሁና 911 ደወልኩ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሣሪያቸውን ይዘው ገብተው ለኩ። አየሩን የመረዘው ሳሎን መሀል የተቀመጠው የከሰል ማንደጃ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደኅና ሆነ።

እዚህ ቤት ስምንት ዓመት ኖረናል። በዓል በመጣ ቁጥር በዚያው ማንደጃ፣ እዚያው ቦታ ቡና አፍልተናል። አላርሙ አንድ ቀን ጮኾ አያውቅም። ዘንድሮ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስከረም ላይ ቤቱን ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀት እንዳያመልጥ የሚያግድ ሽፋን፣ አሠርቼ ንፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ አስደፍኛለሁ። አሁን ሰባት ወር ሞላው።

ያሠራሁት ለእማዬ ብዬ ነው። ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በ1950ዎቹ የተሠራ፣ ኬፕ ኮድ የሚሉት ዓይነት የጡብ ቤት። የፎቁ መኝታ ቤቶች ጣሪያው ሥር የተሸጎጡ ናቸው። እማዬ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ብርድ አዲሷ አይደለም። እሷ እንኳ ጋቢዋን ደርባ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ጨምራ "ይሄ ቤት ከውጭ ይብሳል" ትል ነበር።

መጀመሪያ የመጣው የመስኮት ሻጭ ነበር። አሥራ አንዱንም መስኮት ካልቀየርክ አይሆንም አለኝ። እሱን ባለመስማቴ ዛሬም ደስ ይለኛል። ችግሩ የነበረው ከላይ ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ወጥቶ በአቲኩ፣ ጣሪያው ሥር ባለው ባዶ ቦታ፣ በኩል ያመልጣል፤ በምትኩ ከታች፣ በቤዝመንቱ (በምድር ቤቱ) በኩል ብርዱ ይሳባል። በጭስ ማውጫው ዙሪያ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ቧንቧና ሽቦ የሚያልፍበት ሁሉ ክፍት ነው። የአቲኩ መውጫ ደግሞ ስስ ጣውላ ብቻ ነበር።

ሠራተኞቹ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። መጀመሪያ ቀዳዳውን በፎምና በማሸጊያ ደፈኑ። ጭስ ማውጫው ዙሪያ ፎም ስለማይፈቀድ ቆርቆሮ ቆርጠው እሳት በሚችል ማሸጊያ ዘጉት። ከዚያ ሴሉሎስ ነፉበት፤ ከተፈጨ ጋዜጣ የሚሠራ፣ እሳት እንዳይዘው ቦሬት የተጨመረበት ነው። 14 ኢንች ያህል ሞሉት፤ ይህ ሙቀትን የማገድ አቅም በሚለካበት መለኪያ አር 49 ገደማ ይሆናል። በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥመው፣ በ50 ፓስካል ግፊት በቤቱ ቀዳዳዎች የሚያልፈውን ንፋስ በፊትም በኋላም ለክተዋል። በደቂቃ ከ4,100 ኪዩቢክ ጫማ ወደ 2,500 ወረደ። ሥራው ጥሩ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። የእማዬ ክፍል ሞቀ። የጋዝ ሂሳቡም ቀነሰ።

ንዴቴ ሌላ ነው። የኢንሱሌሽኑን ውል ያስፈረመኝ ሻጭ የኛው ሰው ነበር። የመጣው እሑድ ቀን ነው። ቡና ተፈልቶ ነበርና ቁጭ ብሎ ጠጣ። ማንደጃው እግሩ ሥር ነበር! እጁን እያሞቀበት ስለ ቁጠባ አወራኝ። ቤቱን ልታሽገው የመጣህ አንተ ነህ። ከሰሉን አይተሃል። "ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ይሄ ነገር ቤት ውስጥ እንዳይገባ" ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጅብህ ነበር?

ገና ካለፈ በኋላ ደውዬ ይህንኑ ነገርኩት። "ከሰል ድሮም ቤት ውስጥ አይነደድም እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይህን አልክድም። አገር ቤት "ከሰል አፍኗቸው ሞተው ተገኙ" ሲባል እየሰማን አድገናል። ግን በር ዘግቶ የተኛ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ ይመስለን ነበር። ውጭ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ ጠፍቶ፣ ፍም ሲሆን ካስገባነው አደጋው ያለፈ ይመስለናል። አላለፈም። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ እስኪከስም ድረስ ይወጣል።

አላርሙ ድሮ አልጮኸም ማለትም አየሩ ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። አላርም ወዲያው አይጮህም። የጋዙ መጠን 70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70) ከሆነ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። 150 ከሆነ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ 400 ከደረሰ ደግሞ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ። ስንት በዓል ላይ ራሳችንን ሲያመን "ድካም ነው" ብለን አልፈናል? የቤቱ ቀዳዳ ነበር ያተረፈን። ያንን ቀዳዳ ደግሞ ከፍዬ አስደፈንኩት።

ነገሩ በከሰል ብቻ አላበቃም። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወስድ ስላለኝ ሌላ ባለሙያ ከፍዬ አመጣሁ። ቤዝመንት ያለው የውሃ ማሞቂያችን በጋዝ የሚሠራ ነበር። ጭሱን የሚገፋ ማራገቢያ የለውም፤ በራሱ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል። ባለሙያው የምድጃውን ጭስ መሳቢያ፣ የልብስ ማድረቂያውንና የመታጠቢያ ቤቱን ማራገቢያ አንድ ላይ አስነሳቸው። ሦስቱም አየር ወደ ውጭ ይገፋሉ። ቤቱ ታሽጎ ሌላ መግቢያ ስላጣ አየሩ በማሞቂያው ጭስ ማውጫ በኩል ተመልሶ ገባ። ባለሙያው ትንሽ ጭስ ይዞ ወደ ማሞቂያው ሲያስጠጋ፣ ጭሱ ወደ እኛ ሲነፍስ በዓይኔ አየሁ። ይህ ፍተሻ ሥራው ባለቀ ቀን መደረግ ነበረበት። ቀዳዳ የሚደፍን ሰው ሁሉ ሳያደርገው መሄድ የለበትም። እነሱ ግን ማራገቢያቸውን ጠቅልለው፣ ቼካቸውን ይዘው ሄዱ።

ማሞቂያውን በኤሌክትሪክ በሚሠራ ቀየርኩት። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሌለው፣ ቀኑን ሙሉ በቀስታ የሚሠራ ማራገቢያ ተገጠመ። ለዚህ ያወጣሁት ገንዘብ በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ አልነበረም። ለኢንሱሌሽኑ ዕቃ የፌዴራሉ የ30 በመቶ የታክስ ቅናሽ ደርሶኛል፤ ለጉልበት ዋጋ አይሰጥም። እሱም ከታኅሣሥ 31 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በኋላ ለተሠራ ሥራ ቀርቷል።

በማሠራትህ ትቆጫለህ ወይ ለሚለኝ፣ አልቆጭም። ነገም ቤት ብገዛ መጀመሪያ የማሠራው ይህንኑ ነው። ግን ሳልፈርም ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። በጋዝ የሚሠሩትን ዕቃዎች ሥራው ሲያልቅ ትፈትሻላችሁ? ንጹሕ አየር በየት ይገባል? አላርሙ በየፎቁ አለ? መልሱም ውሉ ላይ ይጻፍልኝ እላለሁ። ሐበሻ ደንበኛ ያላችሁ ሻጮች ደግሞ፣ እባካችሁ ስለ ከሰል ጠይቁ። ደንበኛው ካልነገራችሁም ጠይቁ።

እጣኑን አሁን በኤሌክትሪክ ማጨሻ እናጨሳለን። ቡናው ምድጃ ላይ ይፈላል። እማዬ "የከሰሉን አይሆንም" ትላለች፤ ልክ ናት፣ አይሆንም። ሰሞኑን ውጭው ሞቅ ሲል ግን ማንደጃውን ጓሮ አውጥተን፣ ረከቦቱን ዛፉ ሥር ዘርግተን አፈላንላት። ሦስተኛው እስኪወርድ ከዚያ አልተነሳችም።