አሞራ ገደል፦ የሀዋሳ ቁርስ አሳ ነው

ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ድረስ ነድታችሁ ሆቴል ውስጥ እንቁላል ፍርፍር የምትበሉ ከሆነ ቤታችሁ ብትቀሩ ይሻላል። ሀዋሳ ላይ ቁርስ የሚበላው ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው። የሚበላውም አሳ ነው፤ ያውም አሁን ከጀልባ የወረደ።

እንዴት እዚያ እንደተገኘን በአጭሩ ልንገራችሁ። አርብ ማታ ጓደኛዬ ደወለች።

«ነገ ምን አለሽ?»

«ልብስ አጥባለሁ።»

«ልብሱ የትም አይሄድም። ሀዋሳ እንሂድ።»

በቃ፣ ዕቅዱ ይሄው ነበር። ቀኑ ጾም ስለሆነ ሽሮ በልቼ ተኛሁ። ቅዳሜ ጠዋት ስለ አሳ ብቻ እያወራን ቃሊቲን አለፍን። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ በክፍያ መንገዱ ጥሩ ይነዳል። ከባቱ ወዲያ ግን ጋሪውም፣ አህያውም፣ ባጃጁም የመንገዱ ባለቤት ነው። አርሲ ነጌሌና ሻሸመኔ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። እኛ ወሬ ስለነበረን ብዙም አልታወቀንም።

ቅዳሜ ማታ የበላንበትን ቤት ስም አልጠራም። ሐይቁ ዳር ነው። መብራቱ ያምራል፣ የጠረጴዛው ልብስ ጸዓዳ ነው። አሳ ጉላሽ አዘዝን። ካዘዝን አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው መጣ፣ ለብ ብሎ። አሳው ውሃ ያዘለ ነው፤ ሹካ ሲነካው ይፈረካከሳል። ፍሪጅ ውስጥ ብዙ የከረመ ይመስላል። ሐይቁ በመስኮት ፊት ለፊት እየታየ! ጓደኛዬ አስተናጋጁን ጠራችው።

«ወንድሜ፣ ይሄ አሳ ከየት ነው የመጣው?»

«ከሐይቁ ነው።»

«በየት ዞሮ?»

ልጁም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ሒሳቡ ግን አያስቅም ነበር።

እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል በር ላይ ነበርን። ለመግቢያ ትንሽ ብር ያስከፍላሉ። አስጋሪዎቹ ማታ የጣሉትን መረብ ሲነጋጋ አንስተው በእንጨት ጀልባ ይመጣሉ። አሳው ዳር ላይ ይራገፋል፣ ይመረጣል፣ ይሸጣል። ከረፈደ በኋላ የሚመጣ ሰው የተረፈለትን እንጂ የመረጠውን አይበላም። ስለዚህ ቢያንስ እስከ 2 ሰዓት ድረሱ።

አሳ የሚበልቱት ልጆች እጃቸው አይታይም። ቅርፊቱን በቢላ ገፈፍ፣ ሆዱን ስንጥቅ፣ አንጀቱን ወደ ጎን። ከዚያ ቢላውን አጥንቱ ላይ አስተኝተው ከጭራው ወደ ጭንቅላቱ አንዴ ሲስቡት ሥጋው ብቻውን ይወጣል። አንጀቱ መሬት ላይ አያርፍም። አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈው እየጠበቁ ነው። ቁመታቸው እስከ 1 ሜትር ተኩል ይደርሳል። መላጣ ራስ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት፣ አረማመዱ ደግሞ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው። ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ እጁን ያዙት፤ ወፎቹ ሰው አይፈሩም።

የተቀመጥንበት ቤት ስም የተጻፈበት ታፔላ የለውም። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የማገዶ እሳት ላይ የተጣደ ትልቅ መጥበሻ፤ ያለው ይሄው ነው። የምታበስለው ሴትዮ ጠና ያሉ ናቸው። ጓደኛዬ የትም ብትሄድ ሰው አታጣምና ወዲያው ተግባቡ። «ማዘር፣ ትልልቁን ይምረጡልን» አለቻቸው። «ትልልቁን ነው እንጂ ልጄ፣ ትንሹ ምኑ ይበላል» አሉና ሦስት ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን አሳ) አነሱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የመጣነውም ለዚህ ነው። ቆሮሶው ከነጭንቅላቱ ነው የሚጠበሰው። ሁለቱ ጎኑ ጠለቅ ጠለቅ ተደርጎ ይበጣና ጨው ብቻ ነክቶት የፈላ ዘይት ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ሲያገኘው ብጣቱ ይከፈታል፤ ሥጋው ቁርጥ ቁርጥ ሆኖ ይቆማል። በሁለት ጣት ቆንጠር ሲያደርጉት አንዱ ቁራሽ ከአጥንቱ ላይ ንቅል ይላል። ውጩ ይንኮሻኮሻል። ውስጡ ነጭ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ጣት ያቃጥላል። ጭራውና ክንፉ ከነአጥንቱ ኩርሽም ተደርጎ ይበላል። ሹካ የሚባል ነገር አልመጣልንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ከጎኑ ዳቦ፣ ሎሚና ዳጣ ይቀርባል። ዳጣው አረንጓዴ ነው፤ ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ ተለይቶ ይሰማል። ያቃጥላል፣ ግን የአሳውን ጣዕም አይገድለውም። አዲስ አበባ ብዙ ቤት አሳውን በዱቄትና በቅመም ጠቅልለው ስለሚሰጡን የአሳ ጣዕም ምን እንደሆነ ረስተነዋል። ለእኔ የዚህ ቤት ችሎታ ምንም አለመጨመሩ ነው።

የአሳ ሾርባው በብርጭቆ ይመጣል። ከጭንቅላትና ከአጥንት የተቀቀለ ነው፤ ቃሪያ ጣል ተደርጎበታል። ቅዳሜ ማታ ቢራ የቀማመሰ ሰው ሌላ ነገር ከማዘዙ በፊት ይህን ይጠጣ።

ጓደኛዬ ቁርጥም አዘዘች። ጥሬ አሳ፣ በሚጥሚጣና በዳጣ። እኔ አልነካሁትም። የሐይቅ አሳ ጥሬውን ሲበላ ጥገኛ ትል ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ሎሚና ሚጥሚጣ ደግሞ ትል አይገድሉም። ይህንን ስነግራት፣ «የበሬውን ቁርጥ ስትበዪ ይሄ ሁሉ እውቀት የት ነበር?» አለችኝ። ለብለብ ይደረግልሽ ብዬ ብለምናትም አልሰማችም። ለስላሳ ነው፣ ጣፈጥ ይላል አለች። እሷን እመኑ፤ ምክሬ ግን ያው ነው።

አምባዛም ነበር። ቅርፊት ስለሌለው በእምነት ምክንያት የማይበሉት ብዙ ናቸው፤ እኛም አላዘዝንም።

ስለ ዋጋ። አሳው ሳይጠበስ በፊት ተስማሙ፤ በትልቅነቱ ይለያያል። ሦስቱ ቆሮሶ፣ ሾርባው፣ ቁርጡ፣ ዳቦውና ለስላሳው ተደምሮ ማታ ለአንድ ሳህን ጉላሽ ከከፈልነው ብዙም አልበለጠም። ቴሌብርም ይቀበላሉ።

መዳፍ የማያህለውን አሳ ግን ርካሽ ነው ቢሏችሁም አትግዙ። አስጋሪዎቹን ጠይቋቸው፤ ድሮ የሚያወጡት ቆሮሶ ተለቅ ይል እንደነበር ይነግሯችኋል። ሐይቁ ዳር ቆመው ሲያዩት የማያልቅ ይመስላል እንጂ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳይራባ የተጠበሰ አሳ ደግሞ አይተካም። ማዘር ትንሹን የናቁት አለምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ነቀፋው። ዝንብ አለ። እጅ መታጠቢያው አንዲት የውሃ ጀሪካን ናት፤ ሳሙናው ተራ ያስጠብቃል። የሽንት ቤቱን ነገር ባናነሳው ይሻላል፤ ከሆቴላችሁ ተዘጋጅታችሁ ውጡ። ጦጣዎቹም ዋዛ አይደሉም። አንዷ ከጓደኛዬ እጅ ዳቦ ነጥቃ ዛፍ ላይ ወጥታ በላችው። ጉሬዛዎቹ ይሻላሉ፤ ከላይ ሆነው ዝም ብለው ያያሉ። ንጽሕናው ላይ ጥቂት ብር ቢያወጡበት ይህን ቤት የሚስተካከለው አይኖርም ነበር። አሁን ባለው ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። ጓደኛዬ 5 ነው ብላ ተከራከረችኝ፤ ሽንት ቤት ስላልሄደች ነው።

ከአሳው በኋላ ዛፍ ሥር የጀበና ቡና ጠጣን። ሲዳማ ላይ ቡና መጥፎ ሆኖ ማግኘት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አላወራም። ቡርሳሜ ልንበላም አስበን ነበር። እንሰቱ በቅቤ ርሶ፣ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ቀርቦ፣ ከወተት ጋር። ግን ሆዳችን ውስጥ ቦታ አልነበረም። ቡርሳሜ ከባድ ምግብ ነው፤ ሦስት ቆሮሶ ላይ አይደረብም። እናንተ ቅዳሜ እራት ላይ እሱን ብሉ፤ ያንን ጉላሽም ትገላገላላችሁ።

ልንወጣ ስንል ጓደኛዬ ለእናቷ ሁለት ኪሎ ፊሌቶ ገዛች። ሻጩ በረዶ ጨምሮ በፌስታል ቋጠረላትና «አዲስ አበባ ድረስ ምንም አይሆንም» አላት። መቂ ስንደርስ በረዶው ውሃ ሆኖ የኋላ ወንበሩን አርሶት ነበር። ከዚያ በኋላ መስኮት ከፍተን ነው የነዳነው። አሳ ይዛችሁ መመለስ ካሰባችሁ ክዳን ያለው የበረዶ ሳጥን ከቤት ያዙ። እናቷ ግን ፊሌቶውን ወደውታል፤ ለእኔም ድርሻዬን ልከውልኛል። መኪናዋ ሁለቴ ታጥባለች፤ አሁንም አሳ አሳ ትሸታለች።